የነበረ ይናገር፤ ማን ሰምቶት?

የከተማ ልደት ወይም የከተሞች ሳምንት ሲከበር የሚታተመውን መጽሔት ሳታገላብጡ አልቀራችሁም። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ የከንቲባው ፎቶና መልእክት ይመጣል፤ ቀጥሎ የምክትሉ፣ ቀጥሎ የጽሕፈት ቤት ኃላፊው። ከዚያ «የከተማዋ ታሪካዊ አመጣጥ» የሚል ርእስ አለ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ የአስፋልት፣ የሆቴልና የኢንቨስትመንት አማራጭ ነው።

እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ያቺን አንድ ገጽ ተኩል እንደ ድርሰት ነው የማነባት። ድርሰቷ አንድ የሚገርም ጠባይ አላት፤ ሰው የለባትም። ግሦቿን ተመልከቱ። ከተማዋ «ተቆረቆረች»፣ «ተስፋፋች»፣ «ዕውቅና አገኘች»፣ «ለዕድገት በቃች»። ማን ቆረቆራት? ማን መሬቱን ለቀቀ? ማን ድንጋይ ተሸከመ? ማን ውኃ ቀዳ? መልስ የለም። ምንጭ ሲያስፈልግ ደግሞ «እንደሚነገረው» ትላለች። እሺ፣ ይነገራል። የሚናገሩት እነማን ናቸው? ስማቸው የት ተጻፈ? የተናገሩትስ የት ይገኛል?

ስለዚህ የዛሬው ትችቴ መጽሔቷ ላይ ብቻ አይቆምም። እንዲህ ዓይነት ድርሰት የሚወለደው ጸሐፊው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሄዶ የሚያነበው ነገር ስለሌለው ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ተማሪዎቼን «የተወለዳችሁበትን ከተማ ታሪክ ጻፉ» እያልኩ ሳዝ፣ ያቺኑ አንድ ገጽ ተኩል እየቀነጨቡ ሲያመጡልኝ የነበረው ለዚህ ነው። ተቆጥቼ ብመልሳቸውም ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

አዳማን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ፈጣን መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህማ የአዲስ አበባ ሰው ቁርሱን እቤቱ በልቶ ለስብሰባ ይደርስባታል። አገሪቱ የምትሰበሰበው አዳማ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ በጀት መዝጊያ፣ ስለ መልካም አስተዳደር፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርት የሚመከረው በአዳማ አዳራሾች ነው። ስለ አዳማ ግን አዳማ ውስጥ ሲመከር ብዙም አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ።

* * *

በሌላው ዓለም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት «የአካባቢ ታሪክ ክፍል» የሚባል ነገር አለው። እንግሊዝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1850 ነው። ዛሬ እዚያ አገር አንድ መካከለኛ ከተማ ገብቶ «የዚህን ሠፈር አሮጌ ካርታ፣ የድሮውን የአካባቢ ጋዜጣ፣ የትምህርት ቤቱን ፎቶ አሳዩኝ» ማለት ብርቅ አይደለም። ክፍሉ ቤተ መንግሥት አያክልም። አንዳንዴ አንድ ጥግ፣ ሁለት ካቢኔና አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ደግሞ የንጉሥ ዜና መዋዕል አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የማኅበር መዝገብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ የሽማግሌ ድምፅ ነው።

እኛስ? ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አብርሆት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። ሦስቱም አዲስ አበባ ናቸው። ሦስቱም ይኑሩልን፤ ቅሬታዬ በመኖራቸው አይደለም። ግን የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመቂ፣ የሻሸመኔ ልጅ ስለ ሠፈሩ ለማወቅ ወደ አዲስ አበባ መሳፈር አለበት ማለት ነው። በየከተማው ያሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው ተማሪ የራሱን ደብተር ይዞ ገብቶ የሚያጠናባቸው አዳራሾች ሆነዋል። ተማሪው አልተሳሳተም፤ ጸጥታና ወንበር ይፈልጋል፣ አግኝቷል። ግን ወንበር ብቻውን ቤተ መጻሕፍት አይሆንም።

አንዳንዴ ደግሞ አዲስ አበባም አይበቃም። ከአዳማ እፍኝ በማይሞላ ኪሎ ሜትር ላይ ወንጂ አለች። ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የአገራችንን የመጀመሪያ ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ያስመረቀባት ናት። ሁለተኛው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ተከተለ። ኩባንያው በ1967 ዓ.ም. ንብረቱ ተወርሶ ወጣ። ሁለቱም አሮጌ ፋብሪካዎች ዛሬ ተዘግተው በአዲስ ተተክተዋል። የኩባንያው መዝገብ ግን ሄግ፣ በሆላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተደርድሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጧል። አገዳ የቆረጠው ሰው ታሪክስ የት ተቀመጠ? በጡረተኛው ራስ ውስጥ። በእነዚያ በደከሙ ሽማግሌዎች ራስ ውስጥ። ኩባንያው ስለ ሠራተኛው የጻፈው ተጠብቆ፣ ሠራተኛው ስለ ኩባንያው የሚያውቀው ዕለት ዕለት ከሬሳ ጋር ይቀበራል።

የማሊው አማዱ ሃምፓቴ ባ እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኔስኮ መድረክ ላይ የሽማግሌን ሞት ከቤተ መጻሕፍት ቃጠሎ ጋር ያመሳሰለባትን ንግግር የማይጠቅስ የባህል ዐውደ ጥናት አላየሁም። ትጠቀሳለች፣ ይጨበጨባል፣ የሻይ ዕረፍት ይሆናል። ከዕረፍት በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት የሚሄድ ግን የለም።

* * *

የለም አልኩ እንጂ፣ አልፎ አልፎ ሙከራ አለ። ሙከራው የሚጀምረው በባነር ነው፦ «ኅብረተሰቡ በእጁ የሚገኙ ታሪካዊ ቅርሶችንና ሰነዶችን እንዲያስረክብ ጥሪ እናቀርባለን»። እስቲ ይህቺን «እንዲያስረክብ» የምትል ቃል ቆም ብለን እንያት። ርክክብ! ሕዝባችን ርክክብን የሚያውቀው በምንድን ነው? መሬት ሲያስረክብ፣ ትርፍ ቤት ሲያስረክብ፣ መሣሪያ ሲያስረክብ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የወጣ ጊዜ ያስረከበ ሰው፣ ልጁን «ወረቀት አትጣል፣ ለማንም አታሳይ» ብሎ ነው ያሳደገው። ካርታው፣ የግብር ደረሰኙ፣ የአባት የሥራ መታወቂያ፣ የተሰደደው ልጅ ደብዳቤ ፍራሽ ሥር ወይም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ላይ ባነር ሰቅሎ «አስረክቡ» ማለት፣ ሰውየው ሳጥኑን ሌላ ቁልፍ እንዲጨምርበት መምከር ነው።

ቃሉ «አሳዩን» ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ አገራችን ውስጥ የተሠራበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ ብራናዎችን አንሥቷል። መጽሐፉ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ገዳሙና ወደ ደብሩ ይመለሳል። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኔሶታ ይቀመጣል። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት የካታሎግ ሥራ የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ዋናው ከባለቤቱ አይለይም። ከዚያ ወዲህ ስንት ደብር ተቃጠለ፣ ስንት መጽሐፍ ጠፋ፤ ፊልሙ ግን አለ።

ለብራና የሠራ ለሠርግ ፎቶስ የማይሠራው ለምንድን ነው? ይሠራል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ሆኖ የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰበሰበው ከቤተሰብ አልበም ነው። ወጣቶች ናቸው የጀመሩት። ሰው አልበሙን ይዞ ይመጣል፣ ይቀዳለታል፣ አልበሙን ይዞ ይመለሳል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሰዎች ባለሥልጣን አይደሉም፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲኖራት የአዳማ ሰው አልበም የለውም ያለው ማነው? በናዝሬት ጋሪ ላይ ተቀምጦ ያልተነሣ፣ ሶደሬ መዋኛው ዳር ቆሞ ያልተነሣ የዚያ ዘመን ሰው ካለ እሱን ነው ማየት የምፈልገው። አሁን ጋሪውን ባጃጅ ተክቶታል። የጋሪው ፎቶ ግን በየሳሎኑ አለ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ሆኖብን ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ሕዝቡን «ወደ ቤተ መጻሕፍት ይምጣ» ማለት ነው። ሰባ ዓመት የሆናቸው እናት፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ተማሪ ወደታጨቀበት አዳራሽ ምን ብለው ይገባሉ? ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይህን ነገር ቀድመው ገብቷቸዋል። «ኢትዮጵያ ታንብብ» ብለው የተነሡት ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 በአዋሳ መጻሕፍትን በአህያ በሚጎተት ጋሪ ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ሠፈር ላኩ። ልጁ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ይሂድ ነው ነገሩ። እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተደረገ ነው፤ ከኒው ዮርክ መማር አያስፈልግም። ጋሪው መጽሐፍ ጭኖ መሄድ ከቻለ፣ ወሬ ጭኖ መመለስ አያቅተውም።

የት ይሂድ? ዕድር ወዳለበት ይሂድ። ዕድር በወር በወር ይሰበሰባል። መዝገብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ ከየት እንደመጣ፣ ቤተሰቡ እነማን እንደሆኑ ያውቃል። ከከተማ አስተዳደሩ የተሻለ የሕዝብ መዝገብ የያዘው ዕድር ነው ብል ቅር የሚለው ዕድርተኛ አይኖርም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ አንድ እሑድ ከስብሰባው በኋላ ሩብ ሰዓት ትለምን። ባነር አያስፈልጋትም። ስካነር ከሌላት ሞባይሏ ይበቃል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ ሁለት መስመር የፈቃድ ወረቀት ትያዝ፦ ፎቶው የማን ነው፣ ለማን ይታይ። ቅጂውንም አሳትማ ለባለቤቱ ትመልስለት። በሚቀጥለው ወር ራሳቸው ይጠሯታል።

* * *

ሦስተኛው ችግር ጥያቄው ነው። ማይክሮፎን አቅርበን «እስቲ የከተማችንን ታሪክ ይንገሩን» እንላለን። ሽማግሌው ወዲያው ጋቢያቸውን አስተካክለው ያንኑ የመጽሔት ድርሰት ይደግሙልናል። ምን ያድርጉ? «ታሪክ» ማለት የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው ብለን ያስተማርናቸው እኛ ነን። ይልቅ «ውኃ ከየት ነበር የምትቀዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ነው የነበረ የሚናገረው።

ይህች ትንሽ የምትመስል ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች በወንጂ ታዩዋታላችሁ። ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የወንጂ ሠራተኞች የጠጡባቸው አሮጌ ጉድጓዶች ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ነበራቸው። የልጆች ጥርስ በለዘ። ዓመታት የጠጡ ሰዎች አንገታቸውና ወገባቸው አልታጠፍ እስከማለት ደረሰ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምረው ጽፈውበታል። የትኛው መንደር ከየትኛው ጉድጓድ ጠጣ? ከመቼ እስከ መቼ? የማን አባት በስንት ዓመቱ ጎበጠ? ይህን የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው። የአካባቢ ታሪክ የናፍቆት ጨዋታ ብቻ ነው ለሚል ሰው መልሴ ይኼ ነው፤ ጥርስና አጥንት ላይ የተጻፈ ታሪክ ነው።

ወይም መተሐራን ተመልከቱ። የበሰቃ ሐይቅ ከ60 ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የባቡር ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ተፈታትኗል፣ የግጦሽ መሬት ውጧል። በተቃራኒው አቢጃታ እየሸሸ ነው። መሐንዲሱ የሳተላይት ምስል አለው። ነገር ግን ሳተላይት ከመምጣቱ በፊት የሐይቁ ዳርቻ የት እንደነበረ፣ በየትኛው የክረምት ወር እንደገፋ፣ ማን ቤቱን ነቅሎ እንደሄደ የሚያውቀው ከረዩው አርብቶ አደርና የባቡሩ ጡረተኛ ናቸው። ቆቃም እንዲሁ ነው። ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። 43 ሜጋ ዋት ይሰጣል ይባልልናል። ከውኃው ሥር የቀረው መንደርና የግጦሽ መስክ ምን ይባል ነበር? ይህስ በሜጋ ዋት አይለካም።

* * *

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ ስም። ይህ አካባቢ በአንድ ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ካርታ ተነጥፎበታል። አዳማ ናዝሬት ተባለች፤ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፤ የቆቃ ሐይቅ ገሊላ። ከናዝሬት ተነሥቶ በገሊላ በኩል አድርጎ ደብረ ዘይት የሚደርስ መንገደኛ ኢየሩሳሌም የተቃረበ ሊመስለው ይችላል! ኋላ ስሞቹ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። አዳማ በ1992 ዓ.ም. አዳማ ሆነች፤ ስሟ ሃዳሚ ከሚለው የኦሮምኛ የቁልቋል ስም የመጣ ነው ይባላል። ዝዋይም ባቱ ተባለች። ስሙ በመመለሱ ላይ ክርክር የለኝም። ጥያቄዬ የካታሎግ ነው። አንዲት ተማሪ «አዳማ» ብላ ብትፈልግ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት «ናዝሬት» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ያመልጣታል። «ናዝሬት» ብቻ እያሉ የሚኖሩት አያቷ ደግሞ አዲሱን አያገኙም። መድኃኒቱ አንድ ካርድ ነው፦ «ናዝሬት፤ አዳማን ይመልከቱ»፣ «አዳማ፤ ናዝሬትንም ይመልከቱ»። ፖለቲከኛ ሁለቱን ስሞች ማስታረቅ አቅቶት ሲጨቃጨቅ፣ ቤተ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያገናኛቸዋል። ካታሎግ ማንንም አያሸንፍም፤ ማንንም አይረሳም።

ከስም የሚብሰው ፊደል ነው። ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. ነው። ውሳኔው ለአንድ ትውልድ በገዛ ቋንቋው የመማርን በር ከፍቷል፤ ይህን የሚክድ ካለ አልሰማውም። ግን የጎን ውጤት አለው። ከዚያ በፊት የነበረው የማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ፋይል፣ የአባት ደብዳቤ በግዕዝ ፊደል ነው። የዛሬው ወጣት ብዙ ጊዜ አያነበውም። አያት ደግሞ ቁቤውን አያነቡም። እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረውን «በሪሳ» ጋዜጣ ውሰዱ። ቋንቋው ኦሮምኛ፣ ፊደሉ ግን እስከ ቁቤ መምጣት ድረስ የኛው የግዕዝ ፊደል ነበር። እንግዲህ ቋንቋውን የሚችለው ወጣት ፊደሉን አያውቅም፤ ፊደሉን የምናውቀው ቋንቋውን አንችልም። ጋዜጣው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነበው አጣ ማለት ነው! ሳይቃጠል፣ ሳይበላ፣ ምስጥ ሳይነካው የጠፋ ጽሑፍ ማየት ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ።

ለቤተ መጻሕፍታችን ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል? ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌውንና ተማሪዋን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። እሳቸው ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፣ እሷ በቁቤ ትጻፍ። ቋንቋው አማርኛ ከሆነ ይተርጉሙላት፤ እሷም የዛሬውን ታንብብላቸው። ማንም ማንንም አያስተምርም፤ ይረዳዳሉ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ያሉት የዛይ ሰዎችም አሉ። ቋንቋቸው የራሳቸው ነው፣ የሚናገረው ሰው ጥቂት ነው። በቱሉ ጉዶ ደሴት በደብረ ጽዮን ገዳም ብራናዎች ጠብቀው አቆይተዋል። ባቱ ላይ የሚከፈት የታሪክ ክፍል የዛይኛ ድምፅ ካልቀዳ ምን ሊቀዳ ነው?

* * *

እዚህ ላይ የሚሞግተኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። «አንተ ሰው፣ በዚህ ዘመን ታሪክ መቆስቆስ እሳት መጫር አይሆንም ወይ? ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን የማንን መሬት ያዘ የሚለው ስንቱን አፋጀው!» ይለኛል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። ከሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ግድያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሻሸመኔ ውስጥ ሰው ሞቷል፣ ቤትና ሱቅ ተቃጥሏል። ቤት ሲቃጠል አልበሙም፣ ውሉም፣ ደብዳቤውም አብሮ ይነዳል። ሻሸመኔ እኮ እ.ኤ.አ. በ1948 ከንጉሠ ነገሥቱ በተሰጠ 200 ሔክታር መሬት ላይ ከካሪቢያን የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ሳይቀሩ የሰፈሩባት ከተማ ናት። የከተማዋ ታሪክ የአንድ ወገን ብቻ ነው ማለት በማንም አፍ አይሆንም።

ስለዚህ መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እሳት የሚያስነሣው የተከማቸ ወረቀት ሳይሆን ወረቀት የሌለው ወሬ ነው። አንድ ብቻውን የሚነገር ታሪክ ዱላ ይሆናል። አምስት ሰው በየራሱ የተናገረው፣ እርስ በርሱ የሚጣረስ፣ ግን ስምና ቀን ያለው ምስክርነት አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዱላ ለመሆን ይቸግረዋል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ነገር ዛሬ ይከፈት አላልኩም። የሚጎዳ፣ ሰው የሚያስጠቁር ቃል ካለ ተናጋሪው በሚወስነው ዓመት ታሽጎ ይቀመጥ። ይህ በየትም ዓለም የታወቀ የቤተ መዛግብት ሥርዓት ነው። የማንም ካድሬ እንዳይከፍተው ግን እውነተኛ ቁልፍ ይኑረው። ይህን ቃል መግባት የማይችል ቤተ መጻሕፍት ባይጀምረው ይሻላል፤ አንዴ የታማ ቤት ሁለተኛ አይታመንም።

ገንዘብስ? ሌላው ሰበብ እሱ ነው። ከላይ የዘረዘርኩት ነገር ሕንፃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰው ነው፤ ሥራዋን የምታከብርና የምትከበር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ። በብዙ መሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ማለት ከአለቃው ጋር የተጣላ ሠራተኛ የሚወረወርበት ክፍል ነው ሲባል ሰምታችኋል። ተቀጥቶ የመጣ ሰው ዕድር ቤት ሄዶ አያት አያጫውትም። ሕጉስ ቢሆን የለም እንዳይባል፣ የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ወጥቷል። የመንግሥት መዝገብ የአገር ሀብት ነው። ይሁንና አሮጌ ወረቀት በኪሎ ተሽጦ የበርበሬና የቆሎ መጠቅለያ ሲሆን ያላየ ከተሜ ማነው? እኔ በበኩሌ የቆሎ መጠቅለያዬን ሳላነብ ጥዬ አላውቅም፤ ከአንዳንዱ መጽሔት የተሻለ ታሪክ አግኝቼበታለሁ።

* * *

ጊዜው ግን ጥሎን እየሄደ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት አዳማን፣ ቢሾፍቱን፣ ሻሸመኔንም አዳርሷል። መንገዱ ይሰፋል፣ መብራቱ ያምራል፤ ደግ። ከሚፈርሰው ሱቅ ጋር ግን የሱቁ ስም፣ ባለሱቁ ከየት እንደመጣ፣ ዱቤ ለማን ይሰጥ እንደነበር አብሮ ይፈርሳል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ጣቢያ ይቆማል። የፈረንሳዩ ባቡር ሐዲድ ያቆማት ለገሃር ግን የከተማው እምብርት ነበረች። «ፉርጎ»ንና «ሹማንደፈር»ን ከፈረንሳይኛ ወስዶ አማርኛና ኦሮምኛ ያደረገው ትውልድ ዛሬ በጣት የሚቆጠር ነው። ከአፍራሽ ግብረ ኃይሉ ፊት አንዲት ካሜራና መዝገብ የያዘች ሠራተኛ ብትሄድ፣ ልማቱ አንድ ቀን እንኳ አይዘገይም። ግምት ከፋዩ የቤቱን ካሬ ሜትር ሲለካ፣ እሷ የቤቱን ታሪክ ትጽፋለች።

የከተማው ሹማምንት ይህን አንብበው ነገ ይነሣሉ ብዬ አልጠብቅም። ስለዚህ ለናንተ ለአንባቢዎቼ አንዲት ሥራ ልስጣችሁ፤ አስተማሪ ነኝና የቤት ሥራ ሳልሰጥ መሰናበት አልችልም። ዛሬ ማታ አልበማችሁን አውርዱ። ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፉ፦ ይህ ማን ነው፣ የት ነው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደፊት ይዘልቃል። በቁቤም ጻፉት፣ በግዕዝ ፊደልም ጻፉት፤ «ናዝሬት» ካሉ ናዝሬት፣ «አዳማ» ካሉ አዳማ በሉ። ስም የሌለው ፎቶ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቀን ነቅቶ «አሳዩን» ያለ ጊዜ፣ የምታሳዩት ነገር ይኑራችሁ።

ቸር ይግጠመን።